አያ ልየውና ስምንቱ የቀለም ጣሳዎች

አያ ልየው ያረፈ ዕለት የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ ላም እያለብኩ ነበር። «የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ልየው አርፏል፤ ቀብሩ ስድስት ሰዓት አብማ ማርያም» ሲል ሰማሁ። ሰው ሲደነግጥ በእጁ የያዘውን ይለቃል ይባላል፤ የእኔ እጅ ግን ጭራሽ አጥብቆ ያዘ። አልቤ ጨረስኩ። ወተቱን ከደንኩ። ክዳኑን እንደ ልማዴ ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አድርጌ አረጋገጥኩ። ከዚያ ጓዳ ገባሁና ከአልጋዬ ሥር አንድ ባዶ የቀለም ጣሳ አወጣሁ። ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም «5» ተብሎ ተጽፎበታል። የጻፈው እሱ ነው፣ በግራ እጁ፤ ለዚህ ነው ቁጥሩ የተንጋደደው። ጣሳውን ታቅፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ጥሩንባ ነፊው ዘበኛ ብሎ የጠራው ሰው ለእኔ ዘበኛ ብቻ አልነበረም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም። ነገር ግን በዚህ ከተማ ስለ አያ ልየው የሚወራ አንድ ውሸት አለ። ውሸቱ እንዲወራ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ እኔው ልጻፈው።

ረጅም፣ ደረተ ሰፊ፣ አንገቱ የበሬ አንገት የመሰለ ሰው ነበር። ቀኝ እጁ ሁልጊዜ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። በወጣትነቱ የእህል ጫኝና አውራጅ ሳለ፣ ከአምበር፣ ከመርጡለ ማርያም፣ ከየወረዳው የሚመጣውን ጤፍና ስንዴ በትከሻው ሲያመላልስ፣ አንድ ቀን የኩንታል ክምር ተናደና ቀኝ ትከሻውን አደቀቀው። እጁ አልተቆረጠም፤ እንደተንጠለጠለ ሞቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ ገበያው አጠገብ ያለው ወፍጮ ቤት ዘበኛ አድርጎ ቀጠረው፤ ሚዛኑንም አብሮ ሰጠው።

«ትከሻዬ ራሱ ሚዛን ነበር» ይል ነበር። የድሮ ባልደረቦቹም ይመሰክሩለታል። ኩንታል ተሸክሞ ሦስት እርምጃ ከሄደ በኋላ «ይህ ሁለት ኪሎ ይጎድለዋል» ካለ፣ ይጎድለዋል። እጁ ከሞተ በኋላ ግን ሸክም ነክቶ አያውቅም። የሌላውን ሸክም ነበር የሚያይ።

አንድ ጊዜ የአካል ጉዳተኞች ቀን ተብሎ ተጠራ። ካናቴራ አለበሱት፣ ድንኳን ውስጥ አስቀመጡት፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። ያን ሲያወራ ዕድሜ ልኩን ይስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን ደስ አይልም። «ተቀመጥን፤ አጨበጨቡልን። ምን አደረግን? ተቀመጥን!» ይል ነበር። ካናቴራውን የወፍጮውን ድንጋይ መጥረጊያ አደረገው። «ለብቻ የተባለ ነገር ሁሉ ማስቀመጫ ነው፤ ለሰው አይሆንም» የሚለው ነገርም ከዚያ ቀን የመጣ ይመስለኛል።

ልጄ ሰርክዓለም በሁለት ዓመቷ ትኩሳት ያዛት። ያን ጊዜ የምንኖረው አምበር አጠገብ ገጠር ነበር። ክትባት የሚሰጡት ሰዎች ቀበሌያችን የመጡ ቀን እኔ ገበያ ነበርኩ። ትኩሳቱ ሲለቃት ሁለት እግሮቿን ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ሳላረጋግጥ ማለፍ አልችልም። በር እዘጋለሁ፣ ተመልሼ አየዋለሁ። እሳት አጠፋለሁ፣ ተመልሼ እዳስሰዋለሁ። ሰርኬንም እንደዚያው ነበር የያዝኳት። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት፤ ከዚያ ውጭ ከዓይኔ አትርቅም።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ ልጅቱ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት፣ ስንዴ ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ይዣት ሄድኩ። ክራንቿን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መሬት ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። የተፈጨው ዱቄት በከረጢት ወጣ። እኔ አህያ የሚያስጭነኝ ሰው ስፈልግ፣ ልጅቱ ተቀምጣ እንዳለች ከረጢቱን በሁለት እጇ ከመሬት አነሳችና ካጠገቧ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ቆጥ ላይ ዶሮ እንደማስቀመጥ።

አያ ልየው ከሚዛኑ አጠገብ ሆኖ አይቷታል።

«ይህችን ልጅ ማነው የደበቃት?» አለ።

«ማንም አልደበቃት» አልኩ።

«አንች ነሽ እናትዬው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የደበቅሻት አንች ነሽ» ብሎ ወደ ልጅቱ ዞረ። «ክንድሽን ማን ሠራው?»

ሰርኬ ክራንቿን አሳየችው። እሱም ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኔ ብቻ አልሳቅኩም።

በሳምንቱ ቅዳሜ በራችንን አንኳኳ። ከኋላው ጎሹ የሚባል ወጠምሻ ጫኝ ወፍራም የባሕር ዛፍ ሳንቃ ተሸክሟል። አያ ልየው ነገሩን አስረዳኝ። በሻይ ቤት ቴሌቪዥን ያየው ስፖርት አለ። ሰው አግዳሚ ላይ በጀርባው ይተኛል፣ ክብደቱን ደረቱ ድረስ ያወርዳል፣ ወደ ላይ ይመልሳል። እግር የሌለውም ያለውም አብሮ ሊወዳደርበት የሚችል ነገር ይህ ነው። የሚያስፈልገው እግር ያለው ሰው በእግሩ መሬት ረግጦ ጉልበት እንዳይበደር ማድረግ ብቻ ነው።

«እንዴት አድርገህ?» አልኩት።

«እግር ያለው እግሩን ይታሰራል።»

አልፈቅድም አልኩ። ደረቷ ላይ ቢወድቅስ? አጥንቷ ቢሰበርስ? ሦስት ቅዳሜ ተመላለሰ። በአራተኛው ልጅቱ ራሷ አለቀሰች። እሷ ደግሞ በቀላሉ የምታለቅስ ልጅ አይደለችም። እንግዲያው ከዓይኔ ሥር ይሁን ብዬ ግቢዬን ሰጠሁት። አግዳሚው ከላሚቱ በረት አጠገብ ተተከለ። ብረቱን ማሳረፊያ ሁለት ባላ ቆመ። ብረቱ አሮጌ የውሃ ቧንቧ ነው። ክብደቱ ደግሞ ስምንት የቀለም ጣሳ፣ እጀታና ክዳን ያላቸው፣ ከጨሞጋ ወንዝ በመጣ አሸዋ ተሞልተው። ወፍጮ ቤቱ ሚዛን ላይ አንድ በአንድ መዝኖ፣ ጎናቸው ላይ «5» ብሎ ጻፈባቸው። ቧንቧው ራሱ አምስት ኪሎ ነው። ሁሉም ሲንጠለጠል አርባ አምስት ይመጣል። ለከባዱ ሰው የአሸዋ ከረጢት ይጨመራል።

የመጀመሪያው ቀን ጎሹን አስተኛውና «የሰርኬ እናት፣ መቀነትሽን አውሽኝ» አለኝ። አወለቅሁና ሰጠሁት። የጎሹን ሁለት እግር ከአግዳሚው ጋር በእኔ መቀነት ጠፍሮ አሰረው፤ በአንድ እጁና በጥርሱ።

«ኧረ አያ ልየው፣ ልትገንዘኝ ነው እንዴ?» አለ ጎሹ። «እግሩ የሚታሰር ሬሳ ነው!»

«ሬሳ አይለፈልፍም። አንሣ።»

ጎሹ ሞከረ። ብረቱ ደረቱ ላይ እንደወረደ ቀረ፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ሊያዩ የመጡ ጎረቤቶች ተሯሩጠው አነሱለት። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ለካ ጉልበቴ እግሬ ላይ ነው!» አለና እንደታሰረ ተኝቶ ሳቀ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አያ ልየው ልጄን ከመሬት አላነሣትም። ሌላውን ነው ወደ እሷ ያወረደው። ይህን እንዴት አሰበው ብዬ ገርሞኛል።

ሁለተኛው ደንቡ «ሰው የሚመዘነው ከራሱ ጋር ነው» የሚል ነበር። ሁሉም መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱ ሚዛን ላይ ይወጣል። ከዚያ የሚቆጠረው ከራሱ ክብደት በላይ ስንት እንዳነሣ ነው። ሰርኬ ሠላሳ ስድስት ኪሎ ነበረች። ጎሹ ሰባ አራት። መጀመሪያ ሲጀምሩ ከራሱ በላይ ያነሣ ማንም የለም።

ሦስተኛው ደንብ ሳይሆን አባባል ነው፤ ሲጀምሩም ሲጨርሱም ይላታል። «ሸክም አያዳላም።» ደሃ ብሎ አያዝንልህ፣ አንካሳ ብሎ አይንቅሽ። ሰው ሁሉ ያዳላል፤ እናት ታዳላለች፣ ዳኛ ያዳላል፣ ሸክም ብቻ አያዳላም። ይህን ሲል ዓይኑ ያበራ ነበር። ሰርኬ ብረቱን ደረቷ ላይ ስታሳርፍ ከራስጌዋ ጎንበስ ብሎ «ያንች አይደለም፤ ወደ ላይ መልሽው» ይላታል፤ ቀስ ብሎ፣ ለጸሎት እንደሚናገር ሰው።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ።

ሠላሳ ኪሎ ላይ ሲደርሱ የልጄ ክንድ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያን ሰሞን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማክሰኞ ጠዋት ልጅቱ ትምህርት ቤት እንደሄደች የጣሳዎቹን ክዳን በማንኪያ እጀታ ከፈትኩ። ከእያንዳንዱ አንድ አንድ እፍኝ አሸዋ አወጣሁ። ጣሳው ጎድሎ እንዳይታይ መሐሉን ለላሚቱ ከማስቀምጠው ጭድ ጠቀጠቅሁበት፤ ከላይ አሸዋውን መለስኩበት። ከሁሉም እኩል ነው ያወጣሁ፤ ብረቱ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል። ጥንቁቅ ነኛ። ያወጣሁትን አሸዋ አጥሩ ሥር በተንኩት።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ነገር ግን እሱ ጣሳ በጨመረ ቁጥር እኔም እፍኝ እቀንሳለሁ። ስንት ጊዜ እንደቀነስኩ አልቆጠርኩም።

ግቢው ውስጥ ሁሉም በረታ። ሰርኬ ሠላሳ አምስት አነሣች፣ አርባ አነሣች። ጎሹም ከራሱ በላይ ወጣ። «አያ ልየው፣ ይህ ነገር እኮ እንደ ኩንታሉ አይከብድም» አለ አንድ ቀን። እኔ ላሚቱን አስሬ ስመለስ ሰማሁት።

«ኩንታሉን የምትሸከመው በጀርባህ ነው፤ ይህን በክንድህ» አለው። «ክንድህ አሁን ገና ሰው ሆነ።»

ቢነካው ያውቅ ነበር። በአንድ እጁ ጣሳውን አንጠልጥሎ ሦስት እርምጃ ቢሄድ ያውቀው ነበር። ግን ከአደጋው ወዲህ ሸክም አይነካም። ጣሳዎቹን የሚሰቅሉት ሌሎች ናቸው።

ለደብረ ታቦር በዓል ሰሞን በግቢዬ ውድድር ተደረገ። የገበያው ጫኞች መጡ፣ ተማሪዎች መጡ፣ አንድ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ሹምም መጣ። ሁሉም በየተራ በእኔ መቀነት ታሰሩ። ጎሹ ሰማንያ አነሣ፤ ከራሱ ስድስት ኪሎ በላይ። ሰርኬ አርባ አምስት አነሣች፤ ከራሷ ዘጠኝ ኪሎ በላይ። ልጄ አሸነፈች። እግር ያላቸውን ወንዶች አሸነፈች።

«በሴት ተበልተህ እንዴት ልታድር ነው?» አሉት ጎሹን።

«በሴት አይደለም የተበላሁ፤ በክንድ ነው» አለና ልጅቱን ከነክራንቿ ተሸክሞ ግቢውን አዞራት። ከዚያ በፊት እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ከዚያ በኋላም አላየኋት።

ሹሙ ተደንቆ ሄደ። በሁለተኛው ወር ደብዳቤ መጣ። ባሕር ዳር በሚደረገው ውድድር ላይ ሰርኬ ሕዝብ ፊት ታሳያለች። ነገሩ ከያዘ በሚቀጥለው ዓመት ክብደት ማንሣት በአያ ልየው ደንብ ይሆናል። ጉዳተኛውም ጤነኛውም በአንድ ዝርዝር፣ በአንድ አግዳሚ። ደብዳቤውን ሰርኬ አነበበችለት። ድጋሚ አስነበባት። ከዚያ በኪሱ ካለው ከሞተው እጁ ጋር አስቀመጠው።

በአውቶቡስ ስንሄድ ለልጅቱ ቀስ ብዬ «ዝቅ አድርገሽ ጀምሪ» አልኳት።

«እማ፣ ሁልጊዜ ዝቅ! ሁልጊዜ ዝቅ!» አለችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ቡሬ ላይ ለቁርስ ስንወርድ አያ ልየውን ብቻውን አገኘሁት። አሁን ልንገረው ብዬ ቆረጥኩ። «አያ ልየው፣ ያ ጣሳ እኮ...» አልኩ።

«ጣሳውን ተይው፣ የሰርኬ እናት» አለኝ፤ ፊቱ የሙሽራ አባት ፊት መስሏል። «ጣሳ ዛሬ ቀረ። ዛሬ እውነተኛ ብረት ነው የምታነሣ።»

ሻዬን ይዤ ወደ ልጅቱ ተመለስኩ። ምናልባት ያን ያህል አይጎድል ይሆናል አልኩ በልቤ። እፍኝ አሸዋ ምን ይመዝናል? ምናልባት እግዚአብሔር ይሞላዋል።

አዳራሹ ሞልቷል። በአርባ አምስት ትጀምር ያለው እሱ ነው። ግቢ ውስጥ ደጋግማ ስላነሣችው መነሻዋ ይህ ነው፤ ከዚያ ወደ አምሳ ትወጣለች። እግሯን በእኔ መቀነት ራሱ አሰራት። ከራስጌዋ ቆመ። ብረቱን ተቀበለች፣ ደረቷ ድረስ አወረደች። እዚያው ቀረ።

«መንገዱ አድክሟት ነው» አለ።

ሁለተኛው ሙከራም እዚያው ቀረ። ይቀነስላት ብሎ ወደ ሹሙ ሄደ። «አቶ ልየው፣ የተጻፈ ክብደት አይቀነስም የሚለው ደንብ የእርስዎ ነው» አለው ሹሙ። እውነት ነው፤ ግቢዬ ውስጥም በዚያው ነበር የሚያሠራ። ልጅቱ ከአግዳሚው ላይ ሆና አይታዋለች። እሷ የምታየው የሚያምናትን ሰው ፊት ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ባላት ኃይል ሁሉ ገፋች። ብረቱ ግማሽ መንገድ ወጣ፤ ከዚያ ወደ ግራ አዘነበለና ደረቷ ላይ ወደቀ። ሁለት ሰዎች ደርሰው ሳይይዙት የወደቀበትን ድምፅ ሰማሁት። ያን ሁሉ ወር የፈራሁት ይህን ድምፅ ነበር። በገዛ እጄ አመጣሁት።

ሕዝቡ አጨበጨበ። «ምስኪን!» አሉ። «አይዞሽ!» አሉ። ረጅም ጭብጨባ ነበር። አያ ልየው ያን ጭብጨባ ያውቀዋል።

ሹሙ ቀረብ ብሎ «አርባ አምስት ታነሣለች ብለው ነበር። የት ነው የመዘኑት?» አለው። ልጄ በቃሬዛ ላይ ሆና ትሰማለች። እኔም እሰማለሁ። ከአግዳሚው የፈታሁትን መቀነቴን እጠቀልላለሁ።

አያ ልየው ወደ እኔ አላየም። «ሚዛኑ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ስህተቱ የእኔ ነው» አለ።

የሰርኬ ሁለት የጎን አጥንት ተሰንጥቆ ነበር፤ ዳነ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለች የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ዋሸኝ እማ። ሊያስደስተኝ ብሎ ዋሸኝ። እሱም እንደሌላው አዘነልኝ።» እኔ ሾርባዋን በማንኪያ አቀርብላታለሁ።

ከባሕር ዳር በተመለስን በሳምንቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመጣ የግቢው በር ገርበብ ብሏል። አያ ልየው በረቱ አጠገብ ተቀምጧል። ስምንቱ ጣሳዎች ክዳናቸው ተከፍቶ፣ ባዶአቸውን በተርታ ተደርድረዋል። በአንድ በኩል አሸዋው ተቆልሏል። ላሚቱ ከጣሳዎቹ የወጣውን ጭድ ትበላለች። ወንፊቴ በጉልበቱ መሐል ነበር።

በሩን ከኋላዬ ዘጋሁ፤ ተመልሼም አየሁት።

«አሸዋ እንዳትበላ ብዬ ነፍቼዋለሁ» አለ ላሚቱን እያየ። «ጥርሷን ይጎዳታል።»

እግሩ ላይ ወደቅሁ። በዚያች በአንድ እጁ ክንዴን ይዞ አነሣኝ። እንዴት ያለ ኃይል ነበረው።

«ዛሬውኑ ለልጅቱ እነግራታለሁ» አልኩ።

«አትነግሪያትም።»

«ለምን?»

«እኔን ብትጠላ ሌላ ሰው ታገኛለች። አንችን ብትጠላ ማን አላት?»

«አንተስ? ስምህስ? ያ ደብዳቤስ?»

ወንፊቱን መሬት አስቀመጠ። «የሰርኬ እናት» አለ፣ «ሸክም አያዳላም እያልኩ፣ እናት እንደምታዳላ እየተናገርኩ፣ ጣሳዎቹን እናት ቤት አስቀመጥኩ። ሞኙ እኔ ነኝ።» ባዶዎቹን ጣሳዎች ለጎሹ አስጭኖ ሄደ። ይህችን አንዷን ብቻ ረስቷት ይሁን ትቷት፣ በረቱ ጥግ አገኘኋት።

ያ ነገር በዚያው ቀረ። ሹሙ ጉዳተኞች ለብቻቸው ይሁኑ ብሎ ጻፈ። ለብቻቸው ማለት ደግሞ በዓመት አንድ ቀን፣ ካናቴራና ድንኳን ማለት ነው። ጫኞቹ ጣሳውን አቅልሎ አታለለን ብለው «ባለ ጣሳው» እያሉ አያ ልየውን ይጠሩት ጀመር። ጎሹ እንኳ ለአንድ ዓመት ያህል አኮረፈው። ከራሴ በላይ አነሣሁ ብሎ ለሚስቱ ነግሯት ነበርና። የውሃ ቧንቧው የላሚቱ በረት መዝጊያ ሆነ።

ሰርኬ ሰላምታ ነፈገችው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ከሩቅ ሲያያት ቆሞ ጠበቃት። እሷ ክራንቿን ወደ ማዶ አዞረችና ተሻገረች። እሱ ግራ እጁን ለሰላምታ እንዳነሣ ቀረ። እኔ ከጎኗ ነበርኩ። እኔም ተሻገርኩ።

ትምህርቷን ጨርሳ ፍኖተ ሰላም ሄደች፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ያ ክንድ ወረቀት ያገላብጣል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ስሄድ አያ ልየው አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «እንዴት ናት?» አይልም። «ክንዷ እንዴት ነው?» ነው የሚል። «ደኅና ነው» እላለሁ። «ይመስገን» ይላል። ሌላ አንነጋገርም። ዐሥር ዓመት ያህል እንዲህ አለፈ። የመጨረሻው ቅዳሜ ሆዱ አብጦ፣ ፊቱ ገርጥቶ ነበር። ያን ዕለትም «ክንዷ እንዴት ነው?» አለኝ።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው አልነበረም። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ጎሹ ነው፤ አሁን እሱም ሸብቷል። አስከሬኑን ከገነዙትም አንዱ እሱ ነበር። ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኘሁት። «አሰርነው» አለኝ። «እግሩን በገዛ እጄ አሰርኩት። አንሣ ብለው አይሰማም።»

ሰርኬ አልመጣችም። አርባው እስኪወጣ ጠበቅሁ። እሱ አትንገሪያት ያለው በሕይወት እስካለ ድረስ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ለእሱ ብዬም አይደለም፤ መሸከም ስላቃተኝ ነው። ከአርባው ማግስት ደወልኩላት። ስለ እፍኙ፣ ስለ ጭዱ፣ ላሚቱ ስለ በላችው ሁሉ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ከጀርባዋ ያ የፎቶ ኮፒ ማሽን ሲንሿሿ ይሰማኛል። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ትረግመኛለች ብዬ ነበር።

«ስንት ነበር?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ያነሣሁት። እማ፣ እውነቱ ስንት ኪሎ ነበር? ጎሹን ያሸነፍኩት በስንት ነው? አሸንፌዋለሁስ?»

«መዝኜ አይደለም ያወጣሁ፤ በእፍኝ ነው።»

«ስንት እፍኝ?»

«አልቆጠርኩም ልጄ።»

ማሽኑ ቆመ። «ጣሳዎቹን ያራገፈው እሱ ነው አይደል?» አለች። «ስንት እንደነበረ እሱ ያውቅ ነበር። ትከሻው ሚዛን ነበረ።» ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

በማግስቱ ከጨሞጋ አሸዋ አስመጣሁ። ይህችን አንዷን ጣሳ አፏ ድረስ ሞላሁና አንድ እፍኝ አወጣሁ። ሁለት አወጣሁ። ሦስት። የት ላይ እንደማቆም አላወቅሁም። እጄን ደግሞ አየሁት፤ ጣቶቼ ተቆልምመዋል፣ መዳፌ ጠቧል፤ ያን ጊዜ የነበረኝ እጅ አይደለም። ቢሆንም ጣሳውን አንጠልጥዬ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ሚዛኑ ላይ አዲስ ዘበኛ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው የሚመዘነው፣ እማማ?» አለኝ።

ጣሳውን ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። ቀስቱ ተንቀጠቀጠና አንድ ቁጥር ላይ ቆመ። ቁጥሩን ነገረኝ። የምፈልገው ቁጥር እሱ አይደለም አልኩት፤ ጣሳዬን አንስቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።